ወይ ፍንክች! የአሮጌ ቫን የኋላ ታምቡር ስፈታ የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ነገሩ የጀመረው ከካርቶን ነው። የ30 ዓመቷ ቫኔ የፍሬን ዘይቷ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። ማታ ከሥሯ ካርቶን ዘርግቼ አደርኩ፤ ጠዋት ሳየው ከግራ የኋላ ጎማ አጠገብ ሳንቲም የሚያክል እርጥብ ክብ አለ። ነካ አድርጌ በጣቶቼ መሀል አሸሁት። የዲፈረንሻል (በኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለው የጥርስ ሳጥን) ዘይት ቢሆን ይወፍራል፣ ሽታውም ይከረፋል። ይሄ ቀጭን ነው። የፍሬን ዘይት ነው፤ የሲሊንደሩ ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ አልቆለታል ማለት ነው።

ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር የሚዞር ድስት መሰል ብረት ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ሲሊንደሩ ሁለቱን ሸራዎች ወደ ውጭ ይገፋቸዋል፣ እነሱም ታምቡሩን ከውስጥ ይይዙታል፣ ሲለቀቅ ሞላዎቹ ይመልሷቸዋል። ዕቅዴ ቀላል ነው። የኋላውን ሁለቱንም ጎን ከፍቼ ሸራውን፣ ሲሊንደሩንና ሞላዎቹን እቀይራለሁ። ዕቃው ተገዝቷል። ግማሽ ቀን ይበቃኛል። (ይህን መስመር የጻፍኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። እንዳልሰርዘው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።)

በክሪክ አነሳኋት፣ ከሥሯ ካቫሌቶ (መደገፊያ የብረት እግር) አስገባሁ። ክሪክ ብቻውን ላይ የቆመ መኪና ሥር እጄንም አላስገባም። የእጅ ፍሬን መለቀቅ አለበት፣ አለበለዚያ ሸራው ታምቡሩን እንደያዘ ይቀራል። ማርሹም ነፃ መሆን አለበት፣ ታምቡሩን ማዞር ስለሚያስፈልግ። ስለዚህ መኪናዋን የሚይዛት የፊት ጎማዎቹ ሽብልቅ ብቻ ነው። ከፊትም ከኋላም አደረግኩላቸው፤ ከዚያ በእጄ ገፋ ገፋ አድርጌ ሞከርኩ። አትነቃነቅም። ጥሩ።

ጎማው ወጣ። ታምቡሩን የያዙት ሁለት ቪቴዎች ናቸው፣ አናታቸው ሾጣጣ ሆኖ ታምቡሩ ውስጥ የገባ፣ ባለ መስቀል ካቻቪቴ የሚፈልጉ። ቀላል ይመስላሉ። ግን ሾጣጣ አናት ማለት ዙሪያውን ሙሉ ከታምቡሩ ጋር የተጣበቀ ብረት ማለት ነው፤ ዝገቱም እዚያው ዙሪያ ላይ ነው የሚሰፍረው። የመጀመሪያውን በተራ ካቻቪቴ ሞከርኩ። ካቻቪቴው ዘሎ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ። ዘሎ ሲወጣ ከመስቀሉ ትንሽ ብረት ላጥ አድርጎ ይዞ ወጣ። እዚህ ላይ አቆምኩ። ሦስተኛ ብሞክር ኖሮ አናቱ ይበላ ነበር።

በመዶሻ ሲመቱት የሚዞረውን ካቻቪቴ አመጣሁ። ይሄ መሣሪያ ድንቅ ነው። ምቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጫፉን ወደ መስቀሉ ጠልቆ እንዲቀመጥ ያደርገዋል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ዝገቱን ያናጋዋል። በአራተኛው ምት ጭር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ተፈታ። ከዚያ በደስታ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ሁለተኛውን ከእኔ በፊት የሆነ ሰው በልቶት ነበር። መስቀሉ ክብ ሆኗል፣ የሻይ ማንኪያ ይመስላል።

እዚህ ላይ መታገል ትርፉ ድካም ነው። መሀሉን በነጥብ ምልክት አደረግኩ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ፑንታ በሳሁት፣ ቀጥሎ በ8.5። የቪቴው ጥርስ ባለ 8 ስለሆነ 8.5 ፑንታ አናቱን ከአንገቱ ይለየዋል። ፑንታው ላይ እንደ ቀለበት ተሰክቶ ወጣ። የቀረው ጉቶ ሞዞው (ታምቡሩና ጎማው የሚታሰሩበት የመሀል ብረት) ላይ ነው ያለው፣ ታምቡሩን አይዝም። ታምቡሩ ከወጣ በኋላ በፒንሳ ይዤ አወጣዋለሁ። (አወጣሁትም፣ በጣቴ ያህል ቀሎኝ። አናቱ ሲነሳ ውጥረቱ ስለሚለቀቅ ነው።)

ቅዳሜ ከሰዓት

እሺ፣ ቪቴ የለም። ታምቡሩ ግን ወይ ፍንክች!

መዶሻ። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት። መዶሻ። ሻይ። መዶሻ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እልህ ተጋባሁ፤ ላብ በላብ ሆኜ ጠርዙን ከኋላ በኩል እየዞርኩ ስቀጠቅጥ ጎረቤቴ ጋሼ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፣ የመዶሻ ድምፅ ሲሰሙ ግን ቤት አይቀመጡም።

«ጠርዙን አትምታ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ጊዛ ነው እኮ፣ ቀልጦ የተቀዳ ብረት። ጊዛ አይታጠፍም፣ ይፈነከታል።»

«ታዲያ የት ልምታው ጋሼ?»

«ፊቱን። በጎማ ብሎኖቹ መሀል መሀል። ለማውጣት አይደለም፣ ለማናጋት ነው።»

ገባኝ። ታምቡሩ መሀሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ሞዞው ላይ ጥብቅ ብሎ ነው የሚቀመጥ። በመሀላቸው ያለው ክፍተት ፀጉር አያስገባም። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ይልቅ በእጥፍና ከዚያም በላይ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ክፍተቱን ሞልቶ ራሱ ሽብልቅ ይሆናል። በብረት ብሩሽ ሞዞው ዙሪያ ያለውን ቅርፊት አራገፍኩ፣ ዘይት ጨመርኩ፣ ፊቱን በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አደረግኩ። ዘይቱ ምቱን እየተከተለ ሲሰርግ ይታያል፤ ቀይ አረፋ ሆኖ ይመለሳል።

ሙቀትም አስቤ ነበር። 100 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የጊዛ ቀዳዳ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ለዝገት ይሄ ብዙ ነው። ነገር ግን ውስጡ የሚያፈስ ሲሊንደር አለ፣ የፍሬን ዘይት ደግሞ ይነዳል። እሳት አልነካም አልኩ። ሌላም ነገር አለ፤ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጠቢያ የተረጨበት ብረት ላይ ነበልባል ከተለኮሰ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። ፎስጂን ይሉታል፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሰው የተፈጀበት ጋዝ ነው። ስለዚህ ማጠቢያ ሳልረጭ፣ በፀጉር ማድረቂያ ዓይነት ግን ጠንከር ባለ የሙቅ አየር መንፊያ መሀሉን ብቻ 10 ደቂቃ አሞቅኩ።

ታምቡሩ ፊት ላይ ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች አሉ፣ ጥርስ ያላቸው። ብዙ ሰው ምን እንደሆኑ አያውቅም፤ እኔም ለዓመታት የፋብሪካ ስህተት ይመስሉኝ ነበር። ታምቡሩን መግፊያ ናቸው። ብሎን ታስገባለህ፣ ብሎኑ ሄዶ ሞዞው ፊት ላይ ያርፋል፣ ስታጠብቀው ታምቡሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጥርሳቸውን በ8 ማስኪዮ (የብሎን ጥርስ ማውጫ) አጸዳሁ፣ ሁለት ብሎን ዘይት ቀብቼ አስገባሁ፣ አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር እያልኩ ሄድኩ። በአንድ በኩል ብቻ ቢጠብቅ ታምቡሩ ይጋደምና የባሰ ይነክሳል።

ጓ!

ተላቀቀ! 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ። ከዚያ ቆመ። ብሎኖቹን ሳላላቸው ደግሞ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

እንደገና ዘይት፣ እንደገና መዶሻ። ወጣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። አራት ጊዜ። ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ጠየቁኝ።

«ምን ይዞት ነው?»

«ዝገት ነዋ ጋሼ።»

«ዝገትማ ቢሆን ወጥቶ አይመለስም ነበር። የሚጎትተው ነገር አለ ማለት ነው።»

ቁጭ አልኩ። ልክ ናቸው። ዝገት ሞላ የለውም። አንዴ ከተላቀቀ ተላቀቀ ነው። ወጥቶ የሚመለስ ነገር የያዘው ሞላ ያለው አካል ነው፤ ያ ደግሞ ሸራው ነው። ሸራው ለዓመታት ታምቡሩን ሲበላው መሀሉ ይጎደጉዳል፣ ሸራው የማይነካው የውስጠኛው ጫፍ ግን ሳይነካ ይቀራል፣ እንደ ድስት ከንፈር። ሸራውም በጎድጓዳው ውስጥ ሰፍቶ ተቀምጧል። ታምቡሩን ስስበው ከንፈሩ ሸራው ላይ ይነክሳል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከዝገት ጋር የተጣላሁ መስሎኝ፣ የመጨረሻውን ሰዓት የተጣላሁት ከሸራ ጋር ነው።

መሸ። ለዛሬ በቃኝ።

እሑድ

የዛሬው ሥራ ሬጅስትሮውን ማላላት ነው። በሁለቱ ሸራዎች መሀል ያለ፣ ባለ ጥርስ ክብ ያለበት ዘንግ ነው፤ ሲረዝም ሸራዎቹን ያሰፋል፣ ሲያጥር ይሰበስባቸዋል። ከጀርባው ላሜራ ላይ በጎማ ቁራጭ የተደፈነ ሞላላ ቀዳዳ አለ፣ በዚያ በኩል ነው የሚነካ። ጎማውን አወጣሁ። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ባትሪ በጥርሴ ይዤ፣ ካቻቪቴ አስገባሁ። ምንም አይታይም። በእጅ ዳበሳ ነው።

ክቡ ላይ ደረስኩ። ቲክ። ቲክ። ቲክ። እንዴት ይቀላል! 15 ጥርስ ያህል ዞርኩና ታምቡሩን ልሞክር ተነሳሁ። ቅድም በእጅ ይዞር የነበረው ታምቡር አሁን ጨርሶ አይዞርም።

አጥብቄዋለሁ።

ይሄን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ሬጅስትሮው ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ነው፤ ክቡ ላይ የተደገፈች ትንሽ ምላስ አለች፣ ወደ ማጥበቂያው በኩል ብቻ እንዲዞር የምትፈቅድ። ስለዚህ ምላሷን ሳትነካት ቲክ ቲክ እያለ በቀላሉ የሚዞርልህ ከሆነ እያጠበቅክ ነው። ወደ ማላላቱ ለመሄድ ምላሷን በቀጭን ካቻቪቴ ገፋ አድርገህ ከክቡ ማራቅ፣ በሌላ ካቻቪቴ ደግሞ ክቡን ማዞር ግድ ነው። ሁለት ካቻቪቴ፣ አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ባትሪ፣ ሁለት እጅ። ሦስተኛ እጅ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ጥርሴ ሠርቷል።

ስልኬን ቀዳዳው አጠገብ አስደግፌ ቪዲዮ ቀረጽኩ፣ ምላሷ በየት በኩል እንዳለች አየሁ። ከዚያ ነገሩ ቀለለ። በግምት 40 ጥርስ ወደ ኋላ መለስኩት፤ የራሴን 15 ጨምሮ ነው እንግዲህ። ታምቡሩ መዞር ጀመረ፣ ከዚያ ያለምንም ንክኪ ዞረ። ሁለቱን መግፊያ ብሎኖች ግማሽ ግማሽ ዙር እያልኩ አጠበቅኩ። በስድስተኛው ዙር ታምቡሩ እንደ ክዳን ተነስቶ እጄ ላይ አረፈ። ከበደኝ፣ ሊጥለኝ ነበር። አንድም የመዶሻ ምት አልተጨመረበትም።

ውስጡ የጥቁር ዱቄት ማዕድ ነው። በአየር አልነፋሁትም፣ በብሩሽም አላራገፍኩትም። ይህች መኪና በተሠራችበት ዘመን አስቤስቶስ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ መሰል ማዕድን፣ ያለበት የፍሬን ሸራ ገና ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት እንኳን አስቤስቶስን ጠቅልሎ ያገደው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። የእኔ ሸራ ይኑርበት አይኑርበት ዓይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ጭንብል አደረግኩ፣ የሳሙና ውኃ በመርጫ ረጨሁ፣ ጭቃ ሲሆን በጨርቅ ጠርጌ ጨርቁን በፕላስቲክ ቋጠርኩት።

በካሊብሮ ለካሁ። የታምቡሩ የአዲስ ልኩ 254 ሚሊ ሜትር ነው፣ ላዩ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ልክ 256። የእኔ 255.4። ማለትም በእያንዳንዱ ጎን 0.7 ሚሊ ሜትር ተበልቷል፣ ከንፈሩም ያንኑ ያህል ነው። 0.7! አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ነገር ነው ቅዳሜን ሙሉ የበላብኝ። አሁንም ከልኩ በታች ስለሆነ ታምቡሩን አልጣልኩትም፤ ፊቱ ሲነካ ለስላሳ ነው፣ ስንጥቅም የለውም። ከንፈሩን ብቻ በሞረድ አወረድኩት፣ ከእኔ በኋላ የሚፈታው ሰው እንዳይረግመኝ። የሚፈታውም እኔው ነኝ።

ሸራው በፍሬን ዘይት ርሷል። አጥቦ መመለስ ብሎ ነገር የለም፤ ዘይቱ ውስጡ ይሰርጋል፣ ሲሞቅ ይወጣል።

ሞላዎቹ እንግዲህ ትዕግሥት ናቸው። ከመንካቴ በፊት ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አነሳሁ። ሸራውን ከላሜራው ጋር የሚይዙት ባለ ቆብ ሞላዎች ናቸው፤ ከኋላ ምስማሩን በጣት ይዘህ፣ ቆቡን በፒንሳ ተጭነህ ሩብ ዙር ታዞረዋለህ። አንደኛው ወጣ። ሁለተኛውን ስጫነው ምስማሩ ዝጎ ቀጥኖ ኖሮ እጄ ላይ ተቆረጠና ቆቡ ጉንጬን ገጭቶ ከአጥሩ ባሻገር ሄደ። መነጽር አድርጌያለሁ። መነጽር ባላደርግ የዚህ ማስታወሻ ርዕስ ሌላ ይሆን ነበር።

እሑድ ከሰዓት

ሲሊንደሩ። ከጀርባ ሁለት ብሎን፣ አንድ የቱቦ ዳዶ፣ አንድ የአየር ማውጫ ብሎን። ብሎኖቹን ነበር የፈራኋቸው። ጭቃ ለብሰው ዝገዋል። ማታ በብረት ብሩሽ ጠርጌ ዘይት አጠጥቻቸው ስለነበር አንድ ግፊት በቂ ሆነ። አንዳንዴ እንዲህ ነው።

የቱቦው ዳዶ ግን ሌላ ጉድ ነው። ለእነዚህ ዳዶዎች ስድስቱንም ማዕዘን ከሞላ ጎደል የሚያቅፍ፣ ለቱቦው ብቻ ክፍት የሆነ ቁልፍ አለ። እኔ ጋ የለም። በተራ 10 ቁጥር ቁልፍ ሞከርኩ፣ አንዱ ማዕዘን ተላጠ። ራሱን በሚቆልፍ ፒንሳ ያዝኩት፤ ዞረ፣ ደስ አለኝ፣ ከዚያ አየሁ፤ ቱቦውም አብሮ እየዞረ ነው። ዳዶው ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። ሩብ ዙር ብጨምር ቱቦው እንደ ፎጣ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ አዲስ ቱቦ ከፊት እስከ ኋላ መዘርጋት ነው።

ጋሼ ዛሬም መጥተዋል። «ዳዶው እምቢ ካለ ዳዶውን ለምን ታዞራለህ?» አሉኝ።

«ምኑን ላዙር ታዲያ?»

«ሲሊንደሩን።»

ሳቅኩ። ከዚያ ገባኝና ሳቄን አቆምኩ። ሲሊንደሩ ይጣላል። ብሎኖቹ ወጥተዋል። ሸራም ሞላም የለም፣ ዙሪያው ባዶ ነው። ዳዶውን በፒንሳ ቀጥ አድርጌ ከኋላ ያዝኩ፣ እሳቸው ከፊት ሲሊንደሩን በእጃቸው እንደ ጠርሙስ ክዳን አሽከረከሩት። ወጣ። ቱቦው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ዳዶውን ዘይት እያጠጣሁ ወዲያ ወዲህ ሳደርገው ከቱቦው ተላቀቀ፤ አንድ ማዕዘኑ ቢጎድልም አዲሱ ሲሊንደር ላይ በጥርሱ ጥሩ ገባ።

ይሄን ከመክፈቴ በፊት ያደረግኩት ነገር፦ የፍሬን ፔዳሉን ትንሽ ወርዶ እንዲቀር በእንጨት ደገፍኩት። ዋናው ሲሊንደር ውስጥ ከዘይት ማጠራቀሚያው የሚመጣው ቀዳዳ ይዘጋል፣ ዘይቱም ቱቦው ሲከፈት ወርዶ አያልቅም። ጠብታ ብቻ ወጣ።

ሰኞ ማታ

ግራው ተገጥሟል። ሸራው ከላሜራው ጋር የሚፋተግባቸው ስድስት ነጥቦች ላይ ሙቀት የሚችል ግሪስ በጣት ጫፍ፣ ሸራው ላይ ግን ምንም። ሞዞው ላይ የመዳብ ቅባት ስስ አድርጌ፤ አዲሶቹ ቪቴዎች ላይም። አንድ የምታሳስት ነገር አለች፤ የግራና የቀኝ ሬጅስትሮ ጥርሳቸው ተቃራኒ ነው። ከተለዋወጡ ፍሬኑ ራሱን እያስተካከለ መስሎት ራሱን ያላላል። ሁለቱ አዲሶች ምልክት አልነበራቸውም፣ በእጄ እያዞርኩ ነው የለየኋቸው።

ወደ ቀኝ። አሁን ባለሙያ ነኝ። ቪቴ በምት ካቻቪቴ፣ ሁለቱም ወጡ። ሬጅስትሮ፣ ምላሷን ገፋ፣ ክቡን ወደ ኋላ፣ እስከ መጨረሻው። መግፊያ ብሎን። ወጣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ።

ምነው?

ዘይት ልረጭ እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ምን ይዞት ነው? ወጥቶ ስለሚመለስ ሸራ ነው። ሬጅስትሮው ግን አጥሯል። ታዲያ ሸራውን ማን አሰፋው? ፔዳሉ ካልተረገጠ ከሬጅስትሮው ሌላ ሸራ የሚያሰፋ አንድ ነገር ብቻ አለ፣ የእጅ ፍሬን። ጋቢና ውስጥ እጀታው ወርዷል፤ ግን ካቦው (የሚስበው የብረት ገመድ) ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ቢቀርስ? ከሥር ገብቼ የቀኙን ካቦ ከማከፋፈያው ፈታሁት። ካቦው ሊላላ ሲገባ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ቀረ። በፒንሳ ይዤ ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ውስጥ ያለው የእጅ ፍሬኑ ማንሻ ቀጭ ሲል ተሰማኝ፣ ታምቡሩም በእጄ ወጣ።

ካቦው ይቀየራል። ከላሜራው የሚያስወጣው ብልሃት፦ ጫፉ ላይ ሦስት የሚከፈቱ ጣቶች አሉት፤ 12 ቁጥር ክብ ቁልፍ ብታስገባበት ሦስቱንም በአንዴ ይሰበስባቸዋል። በፒንሳ አንዱን ስትይዝ ሌላው ይከፈታል፣ አትሞክሩት።

ማክሰኞ

አዲስ ካቦ ገባ፣ ቀኙም ተዘጋ። ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማውጣት ከዋናው ሲሊንደር ከራቀው ጎማ ይጀምራል። የወጣው አሮጌ ዘይት የቡና አተላ ይመስላል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ውኃ ሲገባው ግን ልኩ ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ የኋላውን ብቻ ሳይሆን በአራቱም ጎማ በኩል ያለውን ዘይት ንጹህ እስኪወጣ ቀየርኩ። ልጄ ፔዳል ትረግጣለች፣ «ርገጪ፣ ያዢው፣ ልቀቂ» እላለሁ። በ20ኛው ላይ «አባዬ፣ አሁን እኔ ልዘዝ» አለች።

ሬጅስትሮውን ታምቡሩ ሲዞር ሸራው ሽው ብሎ እስኪነካው አጠበቅኩ። የእጅ ፍሬኑን ካቦ ያስተካከልኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ተቃራኒው ሸራውን አስፍቶ ያስቀረዋል፣ እንደ ሰኞው።

በእግር ርምጃ ፍጥነት ወደፊት፣ ፍሬን። ወደኋላ፣ ፍሬን። ፔዳሉ ከላይ ይይዛል። ከዚያ ወጣ ብዬ ዞርኩ።

ሐሙስ ጠዋት

50 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳሁ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን ደግሜ አጠበቅኩ። አንዱ ሩብ ዙር ገባ። ታምቡሮቹን በእጄ ጀርባ ቀረብ አድርጌ ሞከርኩ፣ ሁለቱም እኩል ለብ ብለዋል፤ አንዱ ቢያቃጥል የሚጎትት ሸራ አለ ማለት ነበር።

ማታ ካርቶኑን መልሼ ዘርግቼ ነበር። ከግራው ጎማ ትይዩ ደረቅ ነው። ከቀኙም። መሀሉ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አለች። ነካሁት፣ ወፍራም ነው፣ ይከረፋል። ዲፈረንሻል ነው። ለጋሼ ገና አልነገርኳቸውም።